ጨርቅ ላይ ያደረ ጳጳስ

ሲግኔት፣ ታዝማንያ
ኦገስት 17 ቀን 1986

ውድ እኅቴ አይቪ፣

«እንደምን ከረምሽ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ንዴቱ ስላላስቻለኝ ሰላምታውን ወደ መጨረሻ አሳልፌዋለሁ። ስለ ጉልበቴ ለጠየቅሽኝ፣ ደረጃ ስወጣ ይጮኻል፣ ስወርድ ዝም ይላል። በቃ። አሁን ወደ ጉዳዩ።

ክላሪ በጳጳሱ የሣር ማጨጃ ወለወለበት።

ደግመሽ አንብቢው። እኔም ደግሜ ነው የጻፍኩት። አባዬ የዘር ጨርቆቹን ዕቃ ቤት ውስጥ ምስማር ላይ ይሰቅል እንደነበር፣ እሱ ከሞተ በኋላም እኔ እዚያው ምስማር ላይ እንደምሰቅል የማያውቅ የዚህ ቤት ፍጥረት የለም። ድመቷ እንኳ ታውቃለች። ቲማቲሙ ሲበስል ያማረውን መርጦ ዘሩን ከነጭማቂው ያረጀ ሸሚዝ ቁራጭ ላይ ይጨምቃል፤ ያደርቃል፤ ይሰቅላል። ኦገስት ሲገባ፣ ብርዱ ሊወጣ ሲል፣ ጨርቁን ቀዶ ከነዘሩ አፈር ያለብሰውና የሙቅ ውኃው ቦይለር ላይ ያሞቀዋል። «ወረቀት ላይ ያደረ ዘር ወረቀት ወረቀት ይላል፤ ጨርቅ ላይ ያደረ ሰው ሰው ይላል» ሲል ትዝ ይልሻል? እንግዲህ ያን የስንት ዓመት ጨርቅ፣ ባሌ ባለፈው ቅዳሜ «ይሄ ምን የደረቀ ቅራቅንቦ ነው» ብሎ አወረደና ነዳጅ ነክሮ ሞተሩን ወለወለበት። ከዚያ ደግሞ ጥንቁቅ ሰው አይደል፣ ነዳጅ የነካ ጨርቅ እሳት እንዳያስነሳ ብሎ አቃጠለው።

«ምን አደረግህ?» አልኩት።

«አጸዳሁልሽ» አለኝ። ደረቱን ነፍቶ!

«ክላሪ፣ ያ እኮ ጳጳሱ ነው።»

እኔን አየኝ። ምስማሩን አየ። ማጨጃውን አየ። «የቱ ጨርቅ?» አለኝ። አይቪ፣ ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው ስኖር እንዲህ ያለ የሕፃን ፊት አይቼበት አላውቅም። ለመግደል እንኳ አልመች አለኝ።

ከጎረቤት እንዳልለምን የአባዬ ስስት አለልሽ። ተራውን ቀይ ቲማቲም ለለመነው ሁሉ ያድላል። ያን ሐምራዊ፣ ባለ ሸንተረር፣ ቦርጫም፣ «ጳጳስ» ብሎ የሰየመውን ቲማቲም ግን ቆርጦ ያበላል እንጂ ዘሩን ከቤት አያስወጣም። እንግዳ ሲበላ ሳህኑን የሚያጥበው ራሱ ነበር፤ ዘር ተለጥፎ እንዳይሄድ። ከዚህ ቤት የወጣው አንድ ጨርቅ ብቻ ነው፦ ሬክስሽ የባቡር ሥራ አግኝቶ ወደዚያ የኩዊንስላንድ ምድጃ አፍ ስትሄዱ የሰጠሁሽ የሸሚዝ እጅጌ። እንግዲህ በምድር ላይ የቀረው ጳጳስ ሁሉ አንቺ መሳቢያ ውስጥ ነው። ግማሹን ቀደሽ ላኪልኝ። ዛሬውኑ።

ስልክ አልደውልም። አባዬ «ስልክ ለሞትና ለእሳት ነው» ይል አልነበር? ክላሪ «ታዲያ ይሄ ሁለቱም አይደለም?» ይለኛል። አፍ አለኝ ብሎ!

እንደምን ከረምሽ?

እኅትሽ ኖላ


ታውንስቪል፣ ኩዊንስላንድ
ሴፕቴምበር 3 ቀን 1986

ውድ እትዬ ኖላ፣

እኛ በጣም ደህና ነን። የሬክስ ወገብ ተሽሎታል፤ ሲሻለው ደግሞ ወሬው በረታ። ቤታችን እንደ ሰፈሩ ቤት ሁሉ በረጃጅም እግሮች ላይ የቆመ ነው፤ ሥሩ ጥላ ስለሆነ ልብሴን እዚያ አሰጣለሁ። ማንጎው አብቧል። ሰው ሁሉ ስለ ማንጎ ነው የሚያወራው። ከአጥሩ ባሻገር ፊሎሜና የምትባል ጣሊያናዊት መበለት አለች፤ ሳቋ ከባቡር ፊሽካ ይበልጣል። መጀመሪያ ፈራኋት፣ አሁን ካልሰማኋት የታመመች ይመስለኛል። የሙቀቱን ነገር አታንሺው። ቅቤ በሳህን አቅርበሽ ዞር ስትዪ ሾርባ ነው።

የክላሪን ነገር ሰማሁ። አይዞሽ። እሱንም አትጨቅጭቂው፤ ሆን ብሎ አይደለም።

አይቪ

የጨርቁን ነገር በሌላ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ።


ሲግኔት
ሴፕቴምበር 14 ቀን 1986

አይቪ፣

ማንጎ፣ ማንጎ፣ ማንጎ! ስለ ማንጎ ጠየቅሁሽ? ደብዳቤሽን ገልብጬ አየሁት፤ ወደ መብራት አስጠግቼ አየሁት፤ ፖስታውን ቀድጄ ውስጡን አየሁት። የጨርቅ ክር እንኳ የለበትም። «በሌላ ደብዳቤ» አልሽ። ጨርቁን ቀዶ ፖስታ ውስጥ መክተት ከማንጎ ታሪክ ይከብዳል?

እዚህ ሰው ሁሉ መስኮቱ ላይ ችግኝ ደርድሯል። የኔ መስኮት ላይ ያለችው ድመቷ ናት። ትናንት የፖስታ ቤቷ ኢኒድ ቴምብር እየቀደደች «ኖላ፣ ዘንድሮ ጳጳሱን በመስኮትሽ አላየሁትም» አለችኝ። ያቺ ሴት በመንገድ ስታልፍ አንገቷ እንደ ዝይ ነው።

«ዘንድሮ መሬቱን ላሳርፈው ብዬ ነው» አልኳት።

«ምነው፣ መሬቱ ደከመኝ አለሽ?»

ሰው ፊት ዋሽቼ ደም መሰልኩ። ለአንድ የሸሚዝ እጅጌ ብለሽ ታላቅ እኅትሽን ውሸታም አደረግሻት። ክላሪም ለካሳ ብሎ ከሱቅ በካርቶን የታሸገ ዘር ገዝቶ መጣ። ሥዕሉ ላይ ያለው ቲማቲም ክብ ነው፤ ቀይ ነው፤ የቴኒስ ኳስ ነው። ለሱ ብዬ ዘራሁት። ለሱ ብዬ ግን አላየውም።

ጨርቁ የት ነው?

ኖላ


ታውንስቪል
ኦክቶበር 26 ቀን 1986

ውድ ኖላ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል፤ ያ በቀይ እስክሪብቶ የጻፍሽው ሦስተኛውም። አይ፣ እጄ አልተሰበረም። አይ፣ ሬክስ ጨርቁን አልነካውም፤ ባል ሁሉ አንድ አይደለም።

እውነቱን ልንገርሽ። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ጨርቁ አፈር ውስጥ ነበር። ሁሉም። ኦገስት ሲገባ እንደ አባዬ እጅጌውን ቀድጄ ሣጥን ውስጥ ዘራሁትና ቦይለሩ ላይ አድርጌ ብርድ ልብስ ደረብኩበት። ሬክስ ከሥራ ገባና «አይቪ፣ ማን ታመመብን?» አለኝ።

«ቲማቲም ነው፤ እንዳይበርደው።»

ላቡን በመሐረቡ ጠርጎ «እዚህ አገር እኮ አካፋ ብትተክዪ ይበቅላል» አለኝ።

በቅለው ነበር፤ አምረው። ላንቺም የምነግርሽ ደህና ወሬ እስኪኖረኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ሐሙስ ዕለት ተከልኳቸው። የእኛ የሆባርት የእርሻ ትርዒት ቀን አይደል? አባዬ ከትርዒቱ ተመልሶ ሱፉን ሳያወልቅ እንደሚተክለው፣ እኔም ያቺን ሰማያዊ ባርኔጣዬን አድርጌ ወረድኩ። ፊሎሜና በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«አይቪ! የማን ቀብር ነው?»

«ቲማቲም እየተከልኩ ነው።»

«አሁን? ዝናቡ ደጃፍ ላይ ቆሞ? እኛ እኮ አሁን ነቅለን ጨርሰናል!»

«በእኛ አገር ዛሬ የትርዒት ቀን ነው። ቲማቲም የሚተከለው በትርዒት ቀን ነው።»

«የታውንስቪል ትርዒት በጁላይ ነው የኔ እመቤት፤ ያኔ እኔ እየበላሁ ነው!» ብላ እየሳቀች ገባች። ሳቋ እራት ድረስ ይሰማኝ ነበር።

እንደምትቆጪ አውቃለሁ። ግን ኖላ፣ እዚህ ያ ሐሙስ እንደማንኛውም ሐሙስ ነው። ሱቁ ክፍት፣ ሬክስ ሥራ ላይ፣ መንገድ ላይ አንድም ሰው የክት ልብስ አልለበሰ። ቀኑን ማንም አያውቀውም። እኔ እንኳ ልወቀው ብዬ ነው።

አይቪ


ሲግኔት
ኖቬምበር 5 ቀን 1986

አይቪ። አይቪ፣ አይቪ፣ አይቪ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ልቤ እስኪመለስ ክላሪ ሻይ አፍልቶልኝ ነበር፤ ሻዩም በረደ፣ ሌላ አፈላ፣ እሱም በረደ።

አባዬ የትርዒትን ቀን የመረጠው ለምንድን ነው? ለባርኔጣ ነው? በውርጭ ምክንያት ነው! እዚህ ከዚያ በፊት የተተከለን ውርጭ ስለሚያቃጥለው ነው! ታውንስቪል ውርጭ ገብቶ ያውቃል? ከምን እየጠበቅሽው ነው? ብርድ ልብስ! ቦይለር! አንቺ ልጅ፣ ከመካከላችን ትምህርት የዘለቀሽ አንቺ አልነበርሽም?

እሺ። አንዴ ሆኗል። አሁን ስሚኝ። ዓለም ላይ ያለው ጳጳስ በሙሉ ያንቺ ግቢ ውስጥ ነው የቆመው። ጥላ አድርጊላቸው። አሮጌ አንሶላ ከእንጨት ወደ እንጨት ወጥሪ። ሥራቸውን በደረቅ ሣር ሸፍኚ። ቅጠሉን አታርጥቢ። በጎን የሚያቆጠቁጠውን ቀንበጥ ቆንጥጠሽ ጣዪ፤ አለዚያ ዛፍ ሆኖ ይቀራል። አንዲት ፍሬ ብቻ ትብሰልልን፤ አንዲት ትበቃናለች። ፍሬዋን ግን በፖስታ እንዳትሞክሪ። ትኩስ ፍሬ ወደ ታዝማንያ ማስገባት ክልክል መሆኑን ታውቂያለሽ፤ የፍሬ ዝንብ ይዞ ይመጣል ብለው እንደ ፈንጂ ነው የሚያዩት። በጨርቅ አድርቀሽ፣ ዘሩን ብቻ።

ያቺን ጣሊያናዊት ደግሞ ከመሳቅ ታግዝሽ በያት።

ኖላ


ታውንስቪል
ዲሴምበር 15 ቀን 1986

ለኖላና ለክላሪ፣

መልካም ገና! ከሬክስና ከእኔ። ካርዱ ላይ ያለውን በረዶ ሬክስ በጣቱ እየነካ «ይሄን አስታውሳለሁ» ይላል። ለጠየቅሽው፣ አዎ፣ ጳጳሳቱ ረጃጅም ናቸው።

አይቪ


ሲግኔት
ጃንዋሪ 9 ቀን 1987

አይቪ፣

ካርዱ ደርሶናል፤ እግዜር ይስጥልን። አበባ አወጡ ወይ አልኩሽ፤ ረጃጅም ናቸው አልሽኝ። ፍሬ ያዙ ወይ አልኩሽ፤ መልካም ገና አልሽኝ። ረጅም ማለት መልስ ነው? የመብራት ምሰሶም ረጅም ነው።

የክላሪ የካርቶን ቲማቲም እንደ ጉድ አፍርቷል። ይህ ነው ደሜን የሚያፈላው! አንድም ሳይታመም፣ አንድም ሳይሰነጠቅ፣ ሁሉም እኩል፣ እንደ ወታደር። ቆርጬ ቀመስኩት። እርጥብ ጋዜጣ ነው። ክላሪ ግን ጨው እየነሰነሰ «መጥፎ አይደለም እኮ» አለና ዓይኔን አይቶ ወደ ዕቃ ቤት ሄደ። አሁን ዕቃ ቤት ሲገባ እጁን ኪሱ ከትቶ ነው፤ ምንም ነገር ላለመንካት።

ኢኒድ ጎራ ብላ አንዱን በጣቷ ጫን አድርጋ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ መስመር ጻፊልኝ። ስለ ሙቀት አይደለም፤ ስለ ሬክስ አይደለም። ስለ ጳጳሱ።

ኖላ


ታውንስቪል
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1987

ውድ ኖላ፣

በምን አፌ እንደምነግርሽ ሳስብ ይኸው ወር አለፈ። ይቅርታሽን ከፊት ልለምንና ልጀምር።

ሞቱ። ሁሉም።

አንሶላውን ወጥሬ ነበር፤ ሣሩንም አልብሼ። አበባውን ሙቀቱ አራገፈው፤ አንድ እንኳ አልቋጠረም። ያኔ ልጽፍልሽ ነበር፤ ዝናቡ ሲመጣ ቀዝቀዝ ይልና ያፈራሉ ብዬ ተውኩት። ዝናቡም መጣ። እዚህ ዝናብ አይዘንብም፤ ይደፋል። አንድ ጠዋት ቆመው አየኋቸው፤ ቀትር ላይ ቅጠሉ እንደለመለመ፣ ሳይገረጣ ሳይደርቅ፣ እንደራሰ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። በነጋታው ሌላው፣ በሳልስቱ ሌላው። ፊሎሜና መጣች። ያን ቀን አልሳቀችም። ግንዱን ቆርጣ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አቆመችው፤ ከተቆረጠው ላይ ነጭ ነገር እንደ ጭስ ክር እየወጣ ወደ ታች ፈሰሰ።

«ሙቀትና ዝናብ ሲገናኙ መሬቱ ይታመማል» አለችኝ። «ያንቺ ጥፋት አይደለም» አለችና ብርጭቆውን ደፍታ ደግሞ «ትንሽ ያንቺ ጥፋት ነው» አለችኝ።

ትንሽ አይደለም ኖላ። ባርኔጣ አድርጌ የአባዬን ዘር ገደልኩት።

አይቪ


ሲግኔት
ማርች 8 ቀን 1987

ውድ አይቪ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አልተቆጣሁም። ክላሪ ወረቀቱን አይቶ «ይሄ ብቻ?» አለኝ።

ምስማሩን ከግድግዳው ነቀልኩት፤ ባየሁት ቁጥር ስለሚያናድደኝ።

ራስሽን ጠብቂ።

ኖላ


ታውንስቪል
ጁን 2 ቀን 1987

ውድ እትዬ ኖላ፣

ተቀመጪ። ተቀምጠሻል? ክላሪንም ጥሪው።

አንድ ነገር ደብቄሻለሁ። ሌላ ነገር ደብቄሽ አላውቅም ማለቴ አይደለም፤ ይሄኛው ግን የተደበቀው ላንቺ ብዬ ነው። ተስፋ ሰጥቼሽ ዳግመኛ እንዳልነጥቅሽ።

የጎኑን ቀንበጥ ቆንጥጠሽ ጣዪ ብለሽኝ ነበር። ቆነጠጥኩ፤ አንዱን ግን መጣል አቃተኝ። ያን ሽታውን ታውቂዋለሽ፤ እጅ ላይ የሚቀረውን፣ አባዬ እራት ሊበላ ሲቀመጥ ከእጅጌው የሚሸተንን። ኩሽና መስኮት ላይ ብርጭቆ ውስጥ አቆምኩት፤ ለሽታው ብዬ ብቻ። ሥር አወጣ! ያኔ ውጭ ያሉት ገና አልታመሙም ነበር። ከሱቅ የተገዛ ንጹሕ አፈር ባልዲ ውስጥ አድርጌ ተከልኩትና ከቤቱ ሥር፣ ልብስ ከማሰጣበት ጠርዝ፣ ዝናቡ ከማያገኘው ቦታ አስቀመጥኩት። ሌሎቹ ሲሞቱ እሱ ዝም ብሎ ቆሟል። ስጽፍልሽ እዚያው ነበር። ነገ ይሞታል፣ ነገ ይሞታል እያልኩ ነበር የማየው።

ዝናቡ ሲያባራ አየሩ ቀዘቀዘና አበበ። አንዲት ፍሬ ይዟል። አሁን የዶሮ እንቁላል ታህላለች፤ አረንጓዴ ናት፤ ሸንተረሯ ግን እዩኝ እዩኝ ይላል። በአሮጌ የእግር ሹራቤ ወደ ላይ አስሬያታለሁ። ፊሎሜና በየቀኑ ትመጣለች፤ «ጳጳሱ እንዴት አደሩ?» ትለኛለች።

አይቪ


ሲግኔት
ጁን 9 ቀን 1987

አንቺ ጉደኛ! አንቺ ሸረኛ! አንቺ የኔ እናት!

ሦስት ወር ሙሉ አልቅሼ፣ ምስማር ነቅዬ፣ ኢኒድን «መሬቱን ነው የማሳርፈው» ብዬ፣ አንቺ ከቤትሽ ሥር ጳጳስ ደብቀሽ! ደብዳቤሽን ለክላሪ ሳነብለት ወጥቶ ሄደ። መዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ምስማሩን መልሶ እየመታው ነው።

አሁን ጆሮሽን አምጪ። ማንም አይንካት። ተክሉ ላይ ሆና ቀለሟ ይዙር፤ የሚበላብሽ ወፍ ወይም የሌሊት ወፍ ካለ ግን ቶሎ ቆርጠሽ ቤት አስገቢያት፤ ትንሽ እንኳ ቀለም ከያዘች ቤት ውስጥም ትበስላለች። ግራ ቀኝ ጫን ስትያት እንደ ጆሮ ጫፍ ስትለሰልስ፣ ያኔ ትጨመቅ። ያረጀ ንጹሕ ሸሚዝ አዘጋጂ፤ ናይለን እንዳይሆን፤ ጥጥ ይሁን። ከነጭማቂው ቀቢው፤ ጥላ ላይ አድርቂው። ግማሹ ላንቺ ይቅር፣ ግማሹ ለኔ። ሁለት ቤት ይደር ከእንግዲህ።

ሬክስን ንገሪው። በደንብ ንገሪው። ወንድ ልጅ ሲነገረው «እሺ» የሚለው ሰምቶ አይደለም፤ ዝም እንድትዪ ነው።

ኖላ


ታውንስቪል
ጁላይ 9 ቀን 1987

ውድ ኖላ፣

ጥቅሉን ከዚህ ደብዳቤ በፊት ከፍተሽ ከሆነ፣ አታጥቢው! ላጥበው እንዳትዪ! ሸሚዙ ቆሽሾ የተላከው ሆን ተብሎ ነው።

የሌሊት ወፎቹ ማንዣበብ ስለጀመሩ እንዳልሽኝ ቆርጬ አስገባኋት። የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ፣ ፊሎሜና ካመጣችልኝ ቲማቲሞች ጋር ሳህን ውስጥ አስቀመጥኳት፤ ሌሎች ካሉበት ቶሎ ትበስላለች ብላኝ ነው። ለሬክስም ነግሬዋለሁ። «እሺ» ብሎኛል።

ማክሰኞ የታውንስቪል ትርዒት ቀን ነበር፤ በዓል ነው። ፊሎሜና እኔን ይዛ ሄደች። ሬክስ ወገቡን አሞት ቀረ። ስንመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሳንድዊች እየበላ ነው። ጭማቂው በክርኑ ይወርዳል። እጁን ሸሚዙ ላይ ጠራረገና «ትርዒቱ እንዴት ነበር?» አለን።

ፊሎሜና ናት መጀመሪያ ያየችው። «ማርያም!» አለች።

«ሬክስ» አልኩት፣ «ምንድን ነው እሱ?»

«ሳንድዊች።»

«ውስጡ ምንድን ነው?»

«ቲማቲም ነዋ። ምነው?»

«የቱ ቲማቲም?»

«ያ አስቀያሚው» አለኝ። «ቀያዮቹ ያማሩ ናቸው፤ ለእንግዳ ይቅሩ፣ ይሄን የተጣመመውን እኔ ልቻለው ብዬ።» ኖላ፣ ማማረጥ ስላልፈለገ ነው የበላው! ለጨዋነቱ ብሎ ነው!

እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እሱም ፊቴን አየና ያኔ ገባው። የጎረሰውን እንደያዘ መዋጥም መትፋትም አቅቶት ዓይኑ ፈጠጠ። ፊሎሜና ግን «አትንቀሳቀስ!» ብላ ጮኸች። «እጅህን አንሳ! ሸሚዙን እንዳትነካ!» እሱም በጦር ሜዳ እንደተማረከ ሁለት እጁን ሰቅሎ ቆመ። ከፊት ከደረቱ እስከ ሆዱ፣ ከቀኝ እጅጌው እስከ ኪሱ፣ ዘር በዘር ነው። መክተፊያውንም አጥቦት! በሕይወቱ አንድ ቀን ዕቃ ቢያጥብ ያን ቀን! ከሸሚዙ በቀር የተረፈ የለም። ቁልፉን እኔ ፈታሁ፤ ፊሎሜና በሁለት ጣቷ ይዛ አወጣችው፤ ከቤቱ ሥር ጥላ ላይ ተሰጣ። ሬክስም በከነቴራ ቆሞ ያየናል።

ግማሹን ላስቀር ብዬ መቀስ ይዤ ነበር፤ ግን የቱ ጋ እንዳለ ማን ያውቃል? አንቺ ዘንድ የመዝሪያው ወር ደርሷል። ሙሉውን ላክሁልሽ። አንቺ ታውቂያለሽ።

ጣዕሙን እንዳትጠይቂኝ፤ አልቀመስኩትም። ሬክስን ጠየቅሁት። «እናንተ ሁለት እኅትማማች በአንድ ቲማቲም ዓመት ሙሉ ስትነታረኩ ምን ነካቸው እል ነበር» አለኝ። «አሁን ገባኝ። ቢሆንም ሸሚዜን እፈልገዋለሁ።»

አይቪ


ሲግኔት
ሴፕቴምበር 6 ቀን 1987

ውድ እኅቴ አይቪ፣

ባል ሁሉ አንድ አይደለም ብለሽኝ ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር ከደብዳቤሽ ቆርጬ ምድጃው ላይ ልሰቅለው ነው።

ጥቅሉን ስትሰጠኝ ኢኒድ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አድርጋ «ይሄ ምን ይሸታል?» አለችኝ። ዘንድሮ መዋሸት ሰልችቶኛል። «የእኅቴ ባል ሸሚዝ ነው፤ ልዘራው ነው» አልኳት። እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ።

ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ክላሪ በሩ ላይ ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ «ኖላ፣ ይሄኛውን ልንካው?» አለኝ። እስኪ እንዴት ሆኜ ልቆጣው? መቀሱን ሰጠሁት። እኔ ቦታውን በጣቴ አሳየሁ፣ እሱ ቆረጠ፤ ከኪስ ጀምሮ፣ ደረቱን፣ ሆዱን፣ ያቺን የተረገመች እጅጌ። አፈር አልብሰን ቦይለሩ ላይ አወጣነው። ብርድ ልብስ አልደረብንለትም።

ከሆዱ ምንም አልወጣም። ከደረቱም ዝም። ተስፋዬን ቆርጬ ሣጥኑን ላወርድ ስል፣ ከኪሱ፣ ከስፌቱ ውስጥ፣ ጀርባቸውን አጉብጠው ብቅ ብቅ ሲሉ አየኋቸው። ከዚያ እጅጌው ተከተለ። አፉን የጠረገበት ቦታ እንዴት እንዳማረበት ብታዪ! በእርሻ ትርዒት ላይ ሬክስ ራሱ ሊቀርብ ይገባዋል። ዛሬ መስኮቱ ሞልቷል። ድመቷ ቦታዋን ለቃለች። ኢኒድ በየጠዋቱ ቆማ ታያለች፤ እኔም መጋረጃውን ገልጬ ልቤ እስኪረካ አሳያታለሁ።

አንዱን ችግኝ ሰጥቻታለሁ። አዎ፣ ጳጳሱን ለኢኒድ። አባዬ ከመቃብሩ ተነሥቶ ይውቀሰኝ፤ ሳህን እያጠበ ጠብቆት አንድ ሞተር ማጨጃ ጨረሰው። ከእንግዲህ ለለመነ ሁሉ ነው። ፌብሩዋሪ ላይ ሲበስል ጨርቁ ለሁለት ይቀደዳል፤ ያንቺ ድርሻ ዝናቡ ሲያባራልሽ ይደርስሻል። ያኔ ነው የምትዘሪው፤ ማርች ላይ፤ ፊሎሜና በነገረችሽ ቀን። ለሷም ቆርጠሽ ስጫት። በትርዒታችሁ ቀን ትበዪዋለሽ። ሬክስ ይቅመስ፤ ግን በሹካ።

ሸሚዙ አይመለስም። ክላሪ የራሱን አዲስ ሸሚዝ ልኮለታል። ከፋሲካ ጀምሮ ለክቱ ያስቀመጠው ነበር፤ እኔ ሳልነግረው ነው ያደረገው።

በኦክቶበር፣ በትርዒት ቀን፣ ባርኔጣዬን አድርጌ ጳጳሳቱን እተክላቸዋለሁ። አንቺ ግን በዚያ ቀን ምንም ነገር፣ ምንም፣ ሰማሽኝ፣ አንዲት ዘር እንኳ እንዳትተክዪ። ያቺን ሰማያዊ ባርኔጣሽን አድርጊና ደረጃው ላይ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ቀትር ላይ ነው የምጀምረው። እኔም አስብሻለሁ።

እኅትሽ ኖላ